ከአንድ ግቢ የወጣን አምስት ልጆች

ዛሬ የኑሮ ውድነቱንም የታክሲ ሰልፉንም ለጊዜው እንተወውና (ሰልፉ ላይ መመለሳችን አይቀርም) ስለ ሆዳችን እናውራ። ስለ መብል አይደለም፤ ስለ ጨጓራችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዳግማ ትንሣኤ አምስታችን ተገናኘን። አምስታችን ስንል ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ቤት ግቢ ያደግን ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ማለታችን ነው፤ ታላቃችን ሃያ ዘጠኝ፣ ታናሻችን ሃያ ስድስት። ይህን የምትጽፈው ከመሃላችን ጋዜጠኝነት የተመረቀችው ናት። ነገር ግን ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ሁላችንም አንብበነዋል፣ ሁለት ቦታ ላይ ሰርዘንባታል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተጣልተንበታል። ስለዚህ "እኛ" ስንላችሁ እውነትም እኛ ነን።

እናላችሁ ዶሮው ቀረበ። እጃችንን ታጥበን ልንቆርስ ስንል አንደኛችን ከቦርሳዋ ኦሜፕራዞል አወጣች። "እስቲ ለእኔም አንድ" አላት አጠገቧ የተቀመጠው። ሦስተኛዋ ጠዋት መዋጧን ነገረችን። አራተኛው በሳቅ ፍርስ ብሎ ከኪሱ የራሱን አወጣ፤ ሁለት ዓይነት ነበር፣ ስለ ሁለተኛው ኋላ እንመለስበታለን። አምስተኛዋ አብራን ስትስቅ ሳሏ ተነሳና የአስም መንፊያዋን ፍለጋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ገና ሠላሳ ያልሞላን ሰዎች ነን እንግዲህ! የበዓሉ ገበታ መድኃኒት ቤት መሰለ። "የጡረተኞች ማኅበር" ተባባልን።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ሁላችንም ጨጓራ የያዘን በምን ቢሆን ነው? አንዱ በርበሬው ነው አለ። አንዷ ቁርስ ሳይቀምሱ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ነው አለች። እናቶቻችን ቢኖሩ "ቡና በባዶ ሆድ እየጠጣችሁ!" ይሉን ነበር። ጋዜጠኛዋ ነገሩን ለማጣራት ቃል ገብታ ወደ ቤቷ ሄደች። (ጋዜጠኝነት መማር ጣጣው ይሄ ነው፤ የሰው ሆድ ውስጥ ሳይቀር ምንጭ ይፈለጋል።)

ለብዙ የጨጓራ ቁስለት መነሻው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ድሮ ሐኪሞቹም እንደኛው ጭንቀት ነው፣ ቅመም ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም የሚያምነው ሰው ቢያጣ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጭልጥ አድርጎ ጠጣውና በቀናት ውስጥ ታመመ። ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለእኛ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የገረመን ሌላ ነው። ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ ሰው ላይ የሚገባው በልጅነት ነው። የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበት፣ ንጹህ ውሃና መጸዳጃ እንደልብ የማይገኝበት ቤት ይመቸዋል።

ይህን ስንሰማ አምስታችንም ያቺ ጣሳ ትዝ አለችን። ቧንቧው ሥር በተቀመጠው በርሜል ላይ በሲባጎ የታሰረች የቲማቲም ጣሳ። የዘጠኝ ቤተሰብ ልጅ ከኳስም ከሱዚም ሲመለስ በእሷ እየቀዳ ነው የሚጠጣው። ጣሳዋ ናት ብለን ፍርድ ቤት ቆመን አንመሰክርም፤ ግን ሃያ ዓመት አልፎም ሆዳችን ውስጥ ያለች ይመስለናል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች፣ ከ"ካዜ ኢንቺስ" የመጣ ነው። የእኛ ግቢ ግን ከጣሊያን ቤት ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የጭቃ ግድግዳ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ኩሽና፣ ሁለት በር ያለው አንድ ሽንት ቤት።

ስለ ሽንት ቤቱ ወንዶቹ "ይሄን እንኳ አትጻፊው" ብለው ነበር፤ ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደዚያ መሄድ ባትሪ፣ አጃቢና ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በሩ ከውስጥ የሚያዘው በገመድ ነው። የውጭው በር ስለማይዘጋ ከመጠጥ ቤት የሚመለስ ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ ሴቶቹ ሳንመካከር አንድ ዓይነት ዘዴ ፈጠርን፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ውሃ አለመጠጣት። የትምህርት ቤቱም ሽንት ቤት ከግቢያችን የሚሻል አልነበረምና ጠዋትም እንይዛለን፣ ማታም እንይዛለን። ውሃ የማይጠጣና ሽንቱን የሚይዝ ሰው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቀላሉ እንደሚያገኘው የሰማነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ያኔ ግን ጎናችንን ሲወጋንና ሲያተኩሰን ሰፈር ውስጥ ያለች ክሊኒክ እንወሰዳለን። ጣታችንን ወግተው ደም ያዩና "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ይሉናል። እዚያች ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም! አንዷ ከመሃላችን በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ለታይፎይድ መድኃኒት ወስዳለች። ሽንቷ አንድም ቀን አልተመረመረም።

ኩሽናው ደግሞ የሳንባችን አበሳ ነበር። ዘጠኝ ቤተሰብ በሦስት ቀን አንዴ እንጀራ ቢጋግር በየቀኑ ሦስት ምጣድ ይጣዳል ማለት ነው፤ ያውም በማገዶ፣ በሰጋቱራና በቅጠል። አሁን መንፊያ የያዘችው ልጅ የምትተኛበት ክፍል ከኩሽናው ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኝ ነበር። ግድግዳ ብለን ነው እንጂ ጭሱ እንደ ቤተሰብ ነበር የሚገባው። ጭስ ዓይን ብቻ የሚያቃጥል ይመስለን ነበር። ለካ ክፋቱ ዓይን በማያየው ብናኝ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ የሚያንሰው ብናኝ ጥልቅ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ለእኛ ኩሽና ይህ ቁጥር ቀልድ ነው። ከኩሽናው ሸሽታችሁ ወደ መንገዱ ብትወጡ ደግሞ ሰማያዊዎቹ ሚኒባሶች ጥቁር ጭሳቸውን ይዘው ይጠብቋችኋል።

ይህን ሁሉ ስንል ግቢያችንን እያማን እንዳይመስላችሁ። እዚያ ግቢ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ጠዋት ቡና ላይ ያልታየ ሰው እስከ ቀትር ድረስ ሦስት ሰው ያንኳኳበታል። የመጀመሪያዋ "ምነው ጠፋሽ?" ትላለች። ሁለተኛዋ እንጀራ ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛዋ፣ በአብዛኛው ዳር ቤት የሚኖሩት እማማ፣ ሳያንኳኩ ገብተው ግንባራችሁን በእጃቸው ይለካሉ። ይሰለቻል፤ እንዴት ይሰለቻል መሰላችሁ! በአሥራ ስድስት ዓመታችን ትልቁ ምኞታችን የሚቆለፍ በር ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ተበተንን። የጋዜጠኛዋ ቤተሰብ በዕጣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የካ አባዶ ገባ። መንፊያ የያዘችው አያት፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ሲኤምሲ አጎቱ ጋ። አምስተኛዋ እዚያው ካዛንቺስ ቀረች። ስንለያይ ያለቀስነው ለእሷ ነበር፤ እሷ ግን "ደግሞ ለእናንተ!" ብላን ነበር።

በነገራችን ላይ የእኛን የመሰለ ዕጣ አሜሪካኖችም አውጥተው ያውቃሉ። ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ ድህነት በጠናባቸው ሰፈሮች በመንግሥት ቤት የሚኖሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች ዕጣ ተጣለላቸው። ከፊሎቹ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚገቡበት የኪራይ ድጋፍ አገኙ፣ ሌሎቹ በነበሩበት ቀጠሉ። ከዚያ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ዕጣ የወጣላቸው እናቶች ከፍተኛ ውፍረትና የስኳር በሽታ ቀንሶላቸው መገኘቱን አሳየ። ምግብ አልተቀየረላቸው፣ መድኃኒት አልተሰጣቸው፤ የተቀየረው ሰፈራቸው ነው። በ2014 የወጣው ስለ ልጆቹ ያለው ግን ግራ የሚያጋባ ነው። ሰፈር የቀየሩ ሴቶች ልጆች ድባቴያቸው ቀነሰ፣ የወንዶቹ ደግሞ ባሰ። ለምን እንደሆነ ተመራማሪዎቹም ይከራከራሉ። እኛ ይህን ስናነብ አምስታችንም ወደ አንዱ ወንድማችን ነው ያየነው፣ ወደ ጀሞው።

መጀመሪያ ግን ጥሩ ጥሩውን። አያት የገባችው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ ኖራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት መንፊያዋን ከቦርሳዋ ሥር መርሳት ጀመረች። ካዛንቺስ እያለን በየክረምቱ ኦክስጅን ይደረግላት የነበረች ልጅ አሁን በዓመት ሁለት ሦስቴ፣ ያውም ስትስቅ ብቻ ነው የሚነሳባት። የካ አባዶ የገባችው ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳች ሽንት ቤት ትሄድ ነበር። አስቸኩሏት አይደለም። ስለሚቻል ነው።

ያ ደስታ ግን በሁለተኛው ወር ደረጃው ላይ ቀረ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን። ወገብ ሕመም የአሮጊት መስሎን ያደግን ሰዎች በአሥራ ስምንት ዓመታችን ወገብ እንዳለን አወቅን። መሃል ከተማ ትምህርት ለመድረስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ማታ ደግሞ ሰልፍ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ የእንቅልፍ ሐኪሞች። አምስት ካገኘን እናመሰግን ነበር። አምስት ሰዓት የተኛ ሰው ቁርስ አይበላም፣ ቁርስ ያልበላ ሰው ምሳውን ብስኩትና ለስላሳ ያደርጋል፣ ከዚያ እንግዲህ ወደ ኦሜፕራዞሉ ተመለስን ማለት ነው።

ወደ ጀሞ የሄደው ወንድማችን ካዛንቺስ እያለን ኳስ ነበር ሕይወቱ። ሜዳ ኖሮን አይደለም፤ በሁለት ድንጋይ ጎል የሚሠራባት፣ መኪና ሲመጣ "መኪና!" ተብሎ የምትቆም ጠባብ መንገድ ነበረችን። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆችና ወጣቶች በቀን 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የ146 አገሮች ጥናት እንዳሳየው በዓለም ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶው ይህን አያሟሉም። ሴቶቹ 85፣ ወንዶቹ 78። (ለሴቶቹ ምክንያቱን እኛ እንንገራቸው። ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልን አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላን "አሁንማ ደርሳችኋል፣ ደጅ ለደጅ አትዝለሉ" ተባልን። ከዚያ በኋላ የዘለልነው ጎርፍ ብቻ ነው።) እሱ ግን ከ78ቱ አልነበረም፤ በቀን ሦስት ሰዓት ይሮጥ ነበር።

ጀሞ ሲገባ የሚያውቀው ልጅ የለም፣ ከብሎኩ ፊት ያለችው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆናለች። ከፎቁ ሥር ግን ሁሉ ነገር ነበር። ግሮሰሪ፣ ፑል ቤት፣ ጫት ቤት፤ ኋላ ላይ ደግሞ ቤቲንግ ቤት። አንድ ነገር ልብ በሉ። ጫት ሲደርቅ ዋና ንጥረ ነገሩ ካቲኖን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ያጣል። በኮባ የሚጠቀለለው፣ የጫነውም መኪና እንደዚያ የሚበርረው ለዚህ ነው። ትኩስ ሆኖ፣ በየቀኑ፣ በቅርብ መገኘት አለበት። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ያለ ጫት ቤትና አንድ ታክሲ ተይዞ የሚኬድበት ጫት ቤት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። ለወንድማችን ሃያ ሁለት ደረጃ መውረድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቀን በርጫ፣ ምርቃናውን ለማብረድ ማታ ጨብሲ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግሮሰሪው ግን ቀድሞም በኋላም መታወቂያ ጠይቆት አያውቅም።

ጥፋቱ የሰፈሩ ብቻ ነው እንበል? ይህ ነው የተጣላንበት ቦታ። ጋዜጠኛዋ "ሰፈሩ ነው" ብላ ጽፋ ነበር። ሰረዘው ራሱ ወንድማችን ነው። "እዚያው ብሎክ ላይ ያለ ጎረቤቴ አንድም ቀን ሳይቀምስ ተመርቋል። እኔ ደረጃውን የወረድኩት በእግሬ ነው" አለ። እሺ አልነው። ግን ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ሲወርድ ቢያንስ አራት እናቶች "ወዴት ነው?" ይሉት ነበር። ለዚህ መልስ አልሰጠም።

በ2012 ዓ.ም. እንቅልፍ ጠፋው። ከዚያ ሰዎች የሚከታተሉት መሰለው። ከዚያ ብቻውን ማውራት ጀመረ። እናቱ ጠበል ወሰዱት፣ ቤት ዘግተው አስቀመጡት፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል ስም ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ወሬም ሊያተርፉት ለማንም አልተናገሩም። ጎረቤቱም የሰማ አይመስለንም፤ ሰምቶም ከሆነ በሩን አላንኳኳም። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? አንዲት ቀን ማታ ለሁለታችን ደውሎ ነበር። አንዷ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች፣ "መልሼ ልደውልልህ" አለችው። አንዱ ሲኤምሲ ተኝቶ ነበር፣ ጠዋት "ምን ፈለግህ?" ብሎ መልእክት ላከ። መልስ አልመጣም፣ ረሳነው። የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ያሰማችንም ካዛንቺስ የቀረችው ናት። እናቷና የእሱ እናት አሁንም የአንድ ዕድር ነበሩ። እናቱ ሁለት ወር ለዕድር ሳይታዩ ሲቀሩ የእሷ እናት ሁለት ታክሲ ቀይረው ጀሞ ሄደው በሩን አንኳኩ። በቡናው ሕግ መሠረት ማለት ነው፤ የዘገየ ቢሆንም። ሐኪም ጋ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት የዚያ ነው። ስላወፈረው እንስቅበታለን፣ እሱም ይስቃል። አሁን በጠዋት ይራመዳል፤ ሲኤምሲ ያለው ልጅ እየመጣ በግድ ነው የሚቀሰቅሰው።

የቀረችው ደግሞ እስከ 2017 ቀረች። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ ግቢያችንም አብሮ ፈረሰ። ሽንት ቤቱም፣ ኩሽናውም፣ በርሜሉም። ለዚያ ሽንት ቤት እናለቅሳለን ብለን አስበን አናውቅም ነበር። እሷ አሁን ከከተማው ዳር በተሠራ አዲስ ቤት ትኖራለች። ንጹህ ነው፣ ውሃ አለው፣ በሩ ይቆለፋል። ከአምስታችን በአካል በጣም በተጎዳው ቦታ ሃያ ምናምን ዓመት ኖራ እንቅልፏ ሙሉ የነበረው እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቡድናችን ቴሌግራም "ማን ነቅቷል?" ብላ ትጽፋለች። አንዳንዴ አራታችንም ነቅተናል።

በዳግማ ትንሣኤው እለት አንድ ነገር ተስማማን። ሁላችንም በየቀኑ ጠዋት ቴሌግራሙ ላይ "አለሁ" ብለን እንጽፋለን። እስከ ቀትር ያልጻፈ ሰው ይንኳኳበታል፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። ሲኤምሲ ያለው "ይሄ እኮ የሥራ ሰዓት ፊርማ ሆነ" ብሎ አጉረመረመ፣ ከሁላችን ቀድሞ የሚጽፈው ግን እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አያት ያለችው አልጻፈችም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስልኳም ዝግ ነው። ሳሏ፣ ሳንባዋ፣ ምኑ ቅጡ… ሦስታችን ከሦስት አቅጣጫ ታክሲ ያዝን። ሰልፍ ነበር፣ እንደምታውቁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን በሩን ደበደብነው። ከእንቅልፏ ተነስታ ከፈተች። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቶ ነው። ላብ አጥምቆን፣ እያለከለክን ቆመን ስታየን "ምነው፣ ማን ሞተ?" አለች።

ቡና እንዳናፈላ መብራት የለም፤ ከሰል እንዳናያይዝ ሳንባዋ። ውሃ ቀዳችልን፣ ለየብቻችን በብርጭቆ።